ክረምቱን ሳላይ የቆፈርኩት መሠረት

ብሩ የደረሰኝ በ2009 ዓ.ም. ከፋሲካ ማግስት ነው። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች አራት ዓመት ያጠራቀመችው ነበር። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ እኔ አስተማሪ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በማኅበር ተደራጅተን ያገኘነው ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሣር ሲበቅልበት ከርሟል። ስለዚህ ብሩ ባንክ በገባ በሳምንቱ ፎርማን ፍለጋ ወጣን። ሰማዩን አላየሁም። ያየሁት የባንክ ደብተሬን ነው።

አሁን ቤቱ ቆሟል፤ እየኖርንበት ነው። ግን ለአንዱ መሠረት ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። ቤት በየትኛው ወቅት እንደሚጀመር አውቃችሁ ሁለተኛውን ክፍያ እናንተ እንዳትከፍሉት ነው ይህን መጻፌ።

ያጣደፈኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «ዘንድሮ ያልጀመረ ቦታው ይነጠቃል» የሚል ወሬ በማኅበሩ አባላት መካከል ይናፈስ ነበር። ውላችንን አውጥቼ ያነበብኩት ከስንት ወር በኋላ ነው። ገና ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ነበረን! እባካችሁ የጎረቤት ወሬ ከመስማታችሁ በፊት የራሳችሁን ውል አንብቡ። ካልገባችሁ ይዛችሁት ሂዱና እዚያው ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

ፎርማኑ «ሰኔ ሳይገባ መሠረቱን እናወጣዋለን፤ ክረምቱን ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል» አለን። ደስ የሚል ንግግር ነው። እኛም መስማት የፈለግነው እሱኑ ነበር።

ቦታችን መረሬ ነው፤ ሌላ አገር ዋልካ የሚሉት ጥቁር አፈር። በሚያዝያ ሲያዩት የሚያሰጋ ነገር የለውም። በልጉ ፋታ ሰጥቶ ስለነበር መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ እጄን ስከት እስከ ክርኔ ይገባል። ዶማ አልበላው አለ። ቆፋሪዎቹ በሁለተኛው ቀን ዋጋ ጨምሩ አሉ፤ ጨመርን። እኔ ደግሞ በሞኝነቴ ጥንካሬውን ወደድኩት። «እንዲህ ያለ መሬት ምን ይነቀንቀዋል?» አልኩት ባለቤቴን። ያ ስንጥቅ ራሱ ማስጠንቀቂያ እንደነበር ማን ይንገረኝ። መረሬ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስንጥቁ የመኮማተሩ ምልክት ነው። በሚያዝያ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ በሐምሌ ያ ሁሉ ክፍተት ይደፈናል ማለት ነው። ሲደፈን ደግሞ የተቀመጠበትን ሁሉ ይገፋል።

80 ሳንቲሜትር ቆፍረን ድንጋይ አስመጣን። ግንበኞቹ ሁለት ጎን እንዳደረሱ ግንቦት ላይ ዝናቡ ተመለሰ። ጠዋት ስንመጣ ጉድጓዱ ሞልቶ እናገኘዋለን። በባልዲ እንቀዳለን፤ ቀትር ላይ ሥራ ይጀመራል፤ ማታ እንደገና ይዘንባል። ለቀን ሠራተኛ የምንከፍለው ውሃ ለማስቀዳት ሆነ። ፎርማኑ ግን «ችግር የለም፣ ድንጋዩን እንጣልበት» ይላል። ጭቃ ላይ ድንጋይ ተጣለ። ሰኔ 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሥራ የለም። በዚያ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ያልተገነባውን ጎን አፈረሰውና ጉድጓዱን ደፈነው። ከዚያ በኋላ ፎርማኑም ስልክ ማንሳት ተወ።

ገዝተን ያስቀመጥነው 12 ኩንታል ሲሚንቶ ነበር። ከአሮጌ ቆርቆሮ በተሠራች ጎጆ ውስጥ፣ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፈን ደረደርነው። ነሐሴ ላይ ስከፍተው ከረጢቱ ሳይቀደድ፣ ትራስ የመሰለ ቅርጹን እንደያዘ ድንጋይ ሆኗል። ሁለቱን ከረጢት ልጆቼ አሁንም በረንዳው ጥግ ይቀመጡባቸዋል። ሲሚንቶ ውሃ ባይነካውም እርጥበቱ ብቻ ይበቃዋል። የግድ ማስቀመጥ ካለባችሁ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ቀድሞ የገባውን ቀድማችሁ ተጠቀሙ፤ ከሦስት ወር በላይ አታቆዩት። ክረምትን ለማሳለፍ ብላችሁማ ፈጽሞ አትግዙ። «ዋጋው ሳይጨምር» የሚለው ስሌት እኔን 12 ኩንታል አስከፍሎኛል።

ያን ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር በየቀኑ ቦታው ላይ እሄዳለሁ። የማደርገው ነገር የለም። ጃንጥላ ይዤ ቆሜ የገንዘባችንን መቃብር ነው የማየው። አንድ ቀን ከጎናችን የሚኖሩ አዛውንት ከበራቸው ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጋሼ እንላቸዋለን። የራሳቸውን ቤት በገዛ እጃቸው የሠሩ፣ ስንት የሰፈር ቤት ሲሠራም ያዩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ መረሬ በበጋ ድንጋይ ነው፤ በክረምት ሊጥ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ስንቆፍር እያዩ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ጠየቅሽኝ?»

እውነታቸውን ነው። ፎርማን ጠይቄያለሁ፤ እህቴን በስልክ ጠይቄያለሁ፤ አጥሩ ማዶ አርባ ክረምት ያሳለፈ ሰው ግን አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠየቅሁ። እሳቸውም «አሁን ቆመሽ አታልቅሺ፤ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እዪ» አሉኝ።

እና አየሁ። በተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ ቦታችንን ሣልኩ። ከላይ ካሉት ቤቶች የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚገባ በቀስት አሰፈርኩ። የሚያልፈው መኝታ ቤት ባልነው ቦታ መሐል ለመሐል ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጥግ ዝናቡ ካባራ ሦስት ቀን በኋላም ውሃ ይዞ ይቆያል። በስተምዕራብ ያለው ደግሞ በማግሥቱ ይደርቃል። በሚያዝያ ብትመጡ ይህን አንዱንም አታዩትም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ደረቅ መሬት ነው። ለመሐንዲስ ከፍለን ካሠራነው ፕላን ይልቅ የጠቀመኝ ያ የደብተር ሥዕል ነው። ቤቱን ወደ ምዕራቡ ጎን አዛወርነው፤ ለጎርፉም ከመሠረቱ በፊት ቦይ ቆፈርንለት።

ስለዚህ «በየትኛው ወቅት ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ መልሴ ይኸው ነው፦ ቦታውን አንድ ክረምት ሳታይ አትጀምር። ክረምት መሥሪያ አይደለም፤ መመርመሪያ ነው። ቦታ ልትገዙ ከሆነም በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሄዳችሁ እዩት። በበጋ የሚሸጥ መሬት ሁሉ ቆንጆ ነው።

መስከረም ላይ ስናየው፣ የሠራነው ግማሽ መሠረት አንዱ ጥግ ተነሥቷል። ድንጋዩና ድንጋዩ የተያያዘበት ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እንደ ደረጃ ወርዷል። የማውቀው አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ መጥቶ አየውና «ይህን ጠግናችሁ ብትቀጥሉ ቤቱ በየክረምቱ ይተነፍሳል» አለን። አፈረስነው። ያን ቀን ለእህቴ አልደወልኩላትም፤ በሳምንቱ ነው የነገርኳት።

ሁለተኛውን ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ቆጠርን። ይህም የጋሼ ትምህርት ነው፤ «ቤት የሚቆጠረው ከክዳኑ ነው» ይላሉ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለሚጀምርበት ቀን ነው። ወሳኙ ግን ቆርቆሮው የሚመታበት ቀን ነው። ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ ዝናብ ቢመጣም ውስጥ ውስጡን ይሠራል። እኛ አካባቢ በልግ አለ፤ ገበሬው የበልግ ገብስ የሚዘራበት አገር ነው። ስለዚህ ክዳኑ በየካቲት ማለቅ አለበት አልን። ክዳኑ በየካቲት ካለቀ ግድግዳው በጥር ነው። ግድግዳው በጥር ከሆነ መሠረቱ ከገና በፊት ያልቃል። እንዲህ እያልን ስንወርድ ቁፋሮው ጥቅምት ላይ አረፈ።

መስቀል እንደወጣ ለመጀመር እጃችን በልቶን ነበር። ጋሼ ከለከሉን። ዝናቡ ቢቆምም መሬቱ ገና የጠጣውን አልጨረሰም። መሞከሪያቸው ቀላል ነው። ሁለት ክንድ ያህል ትቆፍሩና ከታች አንድ ጭብጥ አፈር ታወጣላችሁ። ጨብጣችሁት እንደ ሊጥ መዳፋችሁ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ጠብቁ። ተጨብጦ ሲለቁት ከፈረሰ ቆፍሩ። ድንጋይ እስኪሆን መጠበቅም አያስፈልግም፤ ያኔ ለቆፋሪ እጥፍ ትከፍላላችሁ። ያ በእርጥቡና በደረቁ መካከል ያለው ጊዜ እኛ ጋ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መጣ። ቁፋሮው በሚያዝያው ከፈጀው ቀን በግማሽ አለቀ።

በዚህኛው ዙር ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ፣ ፈረካሳው አለት እስኪገኝ ወረድን። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ። የወጣውን መረሬ መልሰን አልሞላነውም፤ አስጭነን አስወጣነው። በምትኩ ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር አስገብተን፣ 20 ሳንቲሜትር 20 ሳንቲሜትር እያደረግን፣ ውሃ እያርከፈከፍን አስጠቀጠቅነው። ገንዘብ ከሚቆጠብባቸው ነገሮች ሁሉ ይህ የመጨረሻው ይሁን። ቀለም በኋላ ይቀየራል፤ ከመሠረት በታች ያለው ግን አይመለስም።

አሸዋውንም በዚያው ሰሞን አስመጣን። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪናም አይገባም፤ ቢገባም ዋጋው አይቀመስም። ከክረምት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ደለል ይበዛዋል። አንድ የውሃ ፕላስቲክ እስከ ግማሹ አሸዋ ጨምሩበት፤ ውሃ ሙሉበትና በደንብ በጥብጣችሁ እስከ ማግሥቱ አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከተኛ መልሱት። ሾፌሩ ይቆጣል። ይቆጣ!

እስከዚህ ድረስ «በጋ ከገባ ሁሉ ነገር ቀና ነው» ብዬ ነበር። አይደለም። ኅዳር ላይ ቀን ሠራተኛ ጠፋ። አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ልጆች ናቸው፤ አጨዳ ሲደርስ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የቀሩት 80 ብር ይሠሩ የነበሩት 120 አሉ። አልፈርድባቸውም። እናንተ ግን ብዙ ጉልበት የሚፈልገውን ሥራ፣ ቁፋሮና ሙሌቱን፣ አጨዳ ሳይደርስ ለመጨረስ ሞክሩ። በአጨዳው ወቅት ጥቂት ሰው የሚበቃውን የግንብ ሥራ አድርጉ። በዓላቱንም ቁጠሩ። ገናና ጥምቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ ናቸው። ከወሩ ቀናት ደግሞ 12፣ 21፣ 27 እና 29 በዓል ስለሆኑ ግንበኛችን ሥራ አይነካም። በካላንደር ላይ 30 ቀን ያለው ወር ለግንባታ 20 ቀን ቢኖረው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በሳምንት ቆጥሬ ውል ልዋዋል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ውርጩ ነው። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ሣሩ ላይ በረዶ ይጋገራል። የታችኛውን ቢም፣ መሠረቱ ላይ የሚጋደመውን፣ አርማታ የሞላነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ማሽን በሰዓቱ አልደርስ ብሎን። ማታውን ሳንሸፍነው ሄድን። ጠዋት ነጭ ሆኖ አገኘነው። ከቀናት በኋላ ላዩን በጥፍሬ ስፍቀው እንደ አመድ ይረግፋል። አርማታ ገና ሳይያያዝ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። የላላውን ፍቀን አወጣነው፤ አራት ሜትር ያህሉን ግን አፍርሰን እንደገና ሞላነው።

ደጋ አገር የምትሠሩ ይህን ያዙልኝ። አርማታ የምትሞሉት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምራችሁ ቢበዛ እስከ 7 ሰዓት ይሁን፤ ፀሐዩ እያለ ይያዝ። ማታ ማታ በላስቲክ፣ ከላዩ ደግሞ በጭድ ሸፍኑት። ውሃ ማጠጣቱንም ረፋድ ላይ አድርጉት፤ አመሻሽ ላይ አጠጥቶ መሄድ ውርጭን ቤት ድረስ መጥራት ነው። ማጠጣቱን ግን እንዳትተዉ። የበጋው ፀሐይና ነፋስ አርማታን ቶሎ ያደርቁታል፤ በደንብ የደረቀ ይመስላል እንጂ አልጠነከረም። ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ መሆን አለበት። ለቋሚ ኮለኖቹ ጆንያ ጠቅልለን ጆንያውን እናረጥብ ነበር። በበጋ ውሃ እንደሚጠፋም አትርሱ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምትመጣውን የቧንቧ ውሃ አምኜ ነበር፤ በመጨረሻ ሮቶ ገዝተን በቦቴ አስሞላን። በክረምት በነፃ ያማረረኝን ውሃ በጥር በገንዘብ ገዛሁት።

ግድግዳው ብዙም ወሬ የለውም፤ ብሎኬቱ በጥር ወጣ። ክዳኑ ላይ የየካቲት ነፋስ አንዲት ትምህርት ሰጠን። ሠራተኞቹ ምሳ ሊበሉ ሲወርዱ ግማሹ ብቻ የተመታ ቆርቆሮ ተነቅሎ የጋሼ ጓሮ ገባ። ሰው ባለመጎዳቱ ተመስገን። የጀመራችሁትን ቆርቆሮ ሳትጨርሱ ለምሳ አትውረዱ። ጣሪያው በየካቲት መጨረሻ አለቀ፤ በሳምንቱ በልጉ ጣለ። ከውስጥ ሆኜ የቆርቆሮውን ድምፅ ስሰማ ያለቀስኩት ለቅሶ የባለፈው ዓመቱን አይመስልም።

የውስጥ ልስኑን በበልጉ ሠራነው። ለዚያ ሥራ ጊዜው ጥሩ ሆኖ አገኘሁት፤ አየሩ ለስለስ ስላለ ልስኑ ቶሎ ደርቆ አልተሰነጠቀም። ማድ ቤቱ የጭቃ ነው። ምርጊቱ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ከጅሩ በኩል በመጣ የጤፍ ጭድ ጭቃውን አቡክተን የመጀመሪያውን መረግን። እሱ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ እስኪጨርስ ሳንጠብቅ ሁለተኛውን ደረብንበት። ሁለቱም ተያይዘው ወረዱ። ጭቃ ቤት ለሚሠራ ሰው ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ውሃም አለ፣ ማድረቂያ ፀሐይም አለ። ባሕር ዛፉን ግን ቀደም ብላችሁ አስቆርጣችሁ፣ ልጡን አስልጣችሁ ጥላ ሥር አድርቁት። እርጥብ እንጨት ቤት ውስጥ ከቆመ በኋላ ነው የሚጣመመው።

አሁንም አልተማርኩም ነበርና ነሐሴ ላይ ቀለም አስቀባሁ። ለአዲስ ዓመት ልንገባ አስበን። ስቱኮው አልደረቀም፤ ግድግዳውም ውስጡ እርጥብ ነው። ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ጳጉሜን ላይ ዕቃችንን አስገባን፤ ኅዳር ላይ ዕቃውን መሐል ሰብስበን ፍቀን እንደገና ቀባን። ቀለም ከክረምት ጋር አይታረቅም። ሳትቀቡ ግቡና በኅዳር ቅቡ፤ ሰው የሚለውን ይበል።

ይህ ሁሉ የእኛ ሰፈር ልክ ነው። አገራችን አንድ ሰማይ የላትም። ጅማና ኢሉባቦር ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ስለሚይዝ የምትቆጥሩት የደረቀ ወር ጥቂት ነው፤ ዕቃውን ሁሉ አዘጋጅቶ ባንድ ጊዜ መሥራት ይሻላል። ቦረናና አብዛኛው ሶማሌ ክልል ዋናው ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ሁለተኛው በጥቅምት አካባቢ ይመጣል፤ እኛ «በጋ ገባ» የምንልበት ወር እዚያ ሊዘንብ ይችላል። ድሬዳዋ የምትሠሩ ውርጭ አያሰጋችሁም፤ ሙቀቱ ግን አርማታውን ሳይያዝ ያደርቀዋልና ጎሕ ሲቀድ ሙሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የየራሱ ትንበያ ያወጣል፤ ከመቆፈራችሁ በፊት እሱን ስሙ። ከዚያ አጥሩ ማዶ ያሉትን ሽማግሌ ጠይቁ። ሁለቱ ካልተስማሙ እኔ ሽማግሌውን ነው የማምነው።

ባለፈው ሚያዝያ ከታች ያለው ባዶ ቦታ ባለቤት መጣ። ወጣት ነው፤ አዲስ ሙሽራ። ፎርማን ይዞ፣ ገመድ እየዘረጋ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። እንዲጠይቀኝ አልጠበቅሁም። ቡና አፍልቼ ጠራሁት። በረንዳው ጥግ ከሲሚንቶዎቹ በአንዱ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ፎርማኑ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ልጁ ሦስተኛውን ጠጥቶ «እስቲ ላስብበት» ብሎ ሄደ። ገመዱን በማግሥቱ ጠቀለለው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ በወረደበት አንድ ከሰዓት በመስኮት ሳይ፣ ልጁ ጃንጥላ ይዞ ቦታው ጥግ ቆሟል። ሙሽሪት ደብተሩን ይዛለታለች።